በራችን ላይ የተለጠፈው ወረቀት

ጠጋ በሉማ ልጆቼ፣ ልንገራችሁ። ገብስ የሚታጨድበት ወራት ነበር። የልጄ ልጅ ትርንጎ ከመዋዕለ ሕፃናት ወረቀት ይዛ መጣችና በራችን ላይ ለጠፈችው። «በር ይላል፣ እማማ» አለችኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ግን የቄስ ተማሪ ስንት ጊዜ ሀ ሁ ሲል ከርሞ ነው ቃል የሚያነበው። ይቺ ሀን ከለ ሳትለይ በምን አነበበችው? «መምህራችን ቃሉን እንዳለ እዩት፣ እንደ ሰው ፊት ትለምዱታላችሁ ብላናለች» አለች። ወይ ማታለል! በር ላይ ለጥፎ በር ማለትማ እኔስ መች ያቅተኛል? ከዚያ ትምህርት ቤት አስወጥቼ ለየኔታ ልሰጣት ቆረጥኩ።

በማግስቱ ግን ልፈትናት ብዬ ወረቀቱን ነቀልኩና የፍየላችን ቀንድ ላይ አስሬ፣ «ይኼስ ምን ይላል?» አልኳት። ፍየል ብትል አለቀላት! ልጅት ሳቋ አፈናት። «እማማ ደግሞ! በር እኮ ነው። በፍየሏ ልንገባ ነው?» እኔም ሳቄ አመለጠኝ። ያም ሆኖ አላመንኩም፤ አንዴ ድስቱ ላይ፣ አንዴ አልጋው ላይ እያዛወርኩ ፈተንኳት። አንድም ቀን አልሳተችም።

ፍየሏን ለፋሲካ አረድናት። መምህርቷ አግብታ ወደ ባሏ አገር ወደ ብልባላ ሄደች። ትርንጎም እዚያው ትምህርት ቤት ቀረች፤ ፊደሉንም ጨርሳው ዛሬ ሁለተኛ ክፍል ናት። እሑድ እሑድ ወንጌል ታነብልኛለች።