የወፎቹ ምስክርነት

ከቀይ ባሕር በተመለስኩ ማግስት የቦሌው ቀበሌያችን አስጠራኝ። ያኔ ከከተማ ወጥቶ የከረመ ሰው ካረፈበት ቀበሌ ማረጋገጫ ያመጣል፤ ያላመጣ ከወንበዴ ጋር ከርሞ ነው ተብሎ ይታሰራል። እኔ ደግሞ የከረምኩት ሰው በማይኖርባት ትንሽ ደሴት፣ እንቁላል የታቀፉ የባሕር ወፎችን ሳጠና ነው።

«የደሴቷ ቀበሌ ማረጋገጫስ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ቀበሌ የላትም፣ ጓድ ሊቀመንበር። ወፍ ብቻ ነው ያለው።»

«ዩኒቨርሲቲው እንደላከሽ ጽፏል። እዚያ ማደርሽን ግን ማን አየ?»

በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ጠመንጃውን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረ። መላ ሳጣ ሻሼን ፈትቼ አናቴን አሳየኋቸው። እነዚያ ወፎች በጎጇቸው አጠገብ ያለፈን ሰው አናቱን በመንቁራቸው ይወጋሉ፤ ቁስሉ ገና አልሻረም ነበር።

ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ ብለው አዩኝ።

«እነሱም ጠርጥረውሻል ማለት ነው» አሉ። «በይ ሂጂ። ግን በየሳምንቱ እየመጣሽ ሪፖርት አድርጊ።»

ደሴቷ ላይ በጎጆዎቹ መካከል ሳልፍ አናቴን በእጄ እሸፍን ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ በቀበሌው በር ባለፍኩ ቁጥር እጄ ሳላዘው አናቴ ላይ ይወጣል።