ያመኑት ማህተም

ደሴ፣ የአንድ መድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ቢሮ፤ ከምሳ በፊት። አቶ ልሳኑ ኮምፒውተራቸው ፊት ተቀምጠዋል፣ የኔትወርክ ባለሙያዋ ውባለም ቆማለች።

ልሳኑ፦ አትነዝንዢኝ! ሰሞኑን ሁሉ «ገና ነው፣ ገና ነው»። የሠራተኛውን ኢሜይል ማንበብ እፈልጋለሁ አልኩ፣ አለቀ!

ውባለም፦ ጋሼ ልሳኑ፣ ኢሜይል እኮ ተቆልፎ ነው የሚሄደው።

ልሳኑ፦ ታዲያ ያ ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት መሣሪያ ለጌጥ ነው?

ውባለም፦ መሣሪያውማ መሃል ገብቶ ይከፍተዋል። ግን ኮምፒውተርም ሞኝ አይደለም፤ ከማን ጋር እንደሚያወራ ሳያረጋግጥ ትንፍሽ አይልም። መታወቂያ ይጠይቃል።

ልሳኑ፦ የምን መታወቂያ?

ውባለም፦ ሰርተፍኬት የምንለው። እሱም ቢሆን ኮምፒውተሩ የሚያምነው አካል ማህተም ካልመታበት ዋጋ የለውም። የኛ መሣሪያ ደግሞ ማህተሙን የሚመታው ራሱ ነው። ቀበሌ ሳይሄድ ቤቱ ቁጭ ብሎ መታወቂያ እንዳተመ ሰው በሉት። ማን ያምነዋል?

ልሳኑ፦ እንግዲያው እንዲያምኑት አድርጊያ!

ውባለም፦ ይደረጋል። እያንዳንዱ ኮምፒውተር የሚያምናቸውን ማህተም መቺዎች መዝግቦ ይይዛል፤ የኛን እዚያ መጨመር ነው። ከዚያ ወዲያ መሣሪያው «ኢሜይል የማደርስልህ እኔ ነኝ» ቢለው «እሺ ጌታዬ» ብሎ ሁሉን ያስረክባል። ስለዚህ ነው ማንም ዝም ተብሎ የማይጨመረው።

ልሳኑ፦ እሰይ! እኔም የምፈልገው እሱኑ ነው። እኔን ዘሎ የድርጅቱ ባለቤት ጆሮ ውስጥ የገባውን፣ ለወይዘሮ የሺእመቤት ስሜን ያጠፋውን ምላስ ላገኘው ነው። ሳገኘው ይቺን ከተማ ነው የማስጠላው!

ውባለም፦ እንደ ዳምጤ?

ልሳኑ፦ ዳምጤን ደግሞ ምን አመጣው?

ውባለም፦ ግምጃ ቤቱን ስንት ዘመን የጠበቀ ሰው። ኢንሱሊን ሰረቅህ ብለው በር ላይ፣ ሠራተኛው ሁሉ እያየ፣ ሸሚዙን አስወልቀው አባረሩት።

ልሳኑ፦ ሌባ ምን ይደረግለት? ካባ ላልብሰው?

ውባለም፦ ምንም አልተገኘበትም እኮ።

ልሳኑ፦ አሽሽቶታላ! ጠበቃው ነሽ እንዴ? ይልቅ ማህተሙን ጨመርሽ ወይስ አልጨመርሽም?

ውባለም፦ ጠዋት ጨምሬያለሁ። እየሠራ ነው።

ልሳኑ፦ ጎሽ! እንዲህ በይኛ! እስካሁን ምን ተገኘ?

ውባለም፦ ገና ምንም። መጀመሪያ ሰው መጻፍ አለበት። ባይሆን አንድ ነገር ልንገርዎት፤ እትዬ የሺእመቤት ደውለውልኝ ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ ይመጣሉ።

ልሳኑ፦ እዚህ?

ውባለም፦ እዚህ፣ ከዚያ ደግሞ የአማችዎ ፋርማሲ። የመድኃኒት ማቀዝቀዣውን ከፍቼ አያለሁ ብለዋል።

ልሳኑ፦ ምን? ለምን ለእኔ አልደወለችም?

ውባለም፦ እኔ ምን አውቄ። «ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ» ነው ያሉኝ። ለእርስዎ ግን እንዴት ዝም እላለሁ?

ልሳኑ፦ ደግ አደረግሽ። ቆይ እስቲ፣ ልደውልለት... ኧረ አንሳ! አንሳ፣ አንተ ከብት! አያነሳም!

ውባለም፦ በዚያ ሰፈር ስልኩ ሲቆራረጥ ነው ያረፈደው። ኢሜይል ይሻልዎታል።

ልሳኑ፦ ዝም በይ፣ እየጻፍኩ ነው። «ካርቶኖቹን... አሁኑኑ... ከማቀዝቀዣው አውጣ። የድርጅታችንን ምልክት... ላጠው።» ላክሁ! እፎይ። አየሽ ውቤ፣ ታማኝ ሰው ማለት እንደ አንቺ ነው። በይ አሁን የእነዚያን ሁሉ ጉድ ክፈችልኝ።

ውባለም፦ እነሱ ጋ አልጨመርኩትም።

ልሳኑ፦ ምን አልሽ?

ውባለም፦ የሠራተኛው ኮምፒውተር ማህተሙን አያውቀውም። የሚያምነው አንድ ኮምፒውተር ብቻ ነው።

ልሳኑ፦ የማን?

ውባለም፦ አሁን የጻፉበት።

ልሳኑ፦ አንቺ እባብ! ማን ፈቀደልሽ?

ውባለም፦ እርስዎ። ጠዋት መጥቼ «መጀመሪያ እርስዎ ጋ እንጨምረው» ስል የይለፍ ቃሉን ራስዎ አስገቡ። ማሽኑም «ይህ ማህተም መቺ አይታወቅም፣ ያምኑታል?» ብሎ ጠየቀዎት። ስልክ እያወሩ፣ አንዲት ፊደል ሳያነቡ፣ «አዎ» የሚለውን ተጫኑ። የሰው ማባረሪያም የሚፈርሙት እንዲሁ ነው።

ልሳኑ፦ አውጪው! አሁኑኑ አውጪው!

ውባለም፦ ማህተሙን ማውጣት ይቻላል። የተላከው ግን አይመለስም።

ልሳኑ፦ አንቺ ጋ ነው አይደል ያለው? አጥፊልኝ፣ የፈለግሽውን ጠይቂኝ!

ውባለም፦ እኔ ጋ የለም። ድርጅቱም መሣሪያውም የእትዬ የሺእመቤት ነው። ያን ጊዜ «በዓይኔ ካላየሁ ወሬ አልሰማም» ስላሉኝ፣ ማየት የሚችሉት እሳቸው ብቻ እንዲሆኑ አደረግሁ።

ልሳኑ፦ «ያን ጊዜ»? አንቺ ነሻ! ስሜን ያጠፋሽው አንቺ ነሽ!

ውባለም፦ አዎ፣ እኔ ነኝ! ዳምጤ ሸሚዙን ደረቱ ላይ ይዞ ሲንቀጠቀጥ እርስዎ ይስቁ ነበር። እኔ አየሁዎት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንጀቴ እርር እንዳለ ነው የኖርኩት። ዛሬ ገና ቅቤ ጠጣ።

ልሳኑ፦ ውቤ፣ እህቴ፣ በማርያም ይዤሻለሁ! ዳምጤን ዛሬውኑ እመልሰዋለሁ። ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፣ እግሩ ላይ እወድቃለሁ!

ውባለም፦ እንግዲያው ተነሡ። እትዬ የሺእመቤት ስምንት ሰዓትን አልጠበቁም፤ ግቢያችን ውስጥ መኪናቸው ላይ ሆነው እርስዎ የጻፉትን ለዳምጤ እያነበቡለት ነው።