ሦስት ሆነን አንድ ሰው አልሞላንም

ና ግባ፣ ደፉ ላይ አትቁም፣ ቁጭ በል፤ ለነዚህ የዘይነባን ቤት ነገር ላጫውታቸው አፌን ስከፍት ነው የመጣኸው። በኛ ጊዜ፣ በደርግ ማለቴ ነው፣ ቤት ያለው ሰው ይባላል፣ የሌለው የሰው ደጅ ይጠብቃል።

ዘይነባ ጎረቤቴ ናት፣ እህቴ በላት። ባሏ ፈቷት ሦስት ልጅ ይዛ ካባቷ ቤት ተመለሰች፣ እዚሁ ሐይቁ ዳር። አባቷን ያጠበችውም ያጎረሰችውም እሷ ናት። ወንድሟ ከማል ደሴ ይነግዳል፣ ለአረፋ እንኳ ብቅ አይልም። ታዲያ ሽማግሌው ገና ደህና ሳለ አናጢ ጠርቶ አዲስ በር አስገጠመ። አናጢው ይግዛው ይባላል፣ ክርስቲያን ነው። እኔና አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ደጁ ላይ በርበሬ እንቀነጥሳለን። ይግዛው ጨረሰና ቁልፉን ለሽማግሌው ሰጠ፣ ሽማግሌው ያንኑ ቁልፍ ዘይነባ እጅ ላይ አድርጎ "ቤቱን ከነ በሩ ሰጥቼሻለሁ፣ እናንተም ስሙ" አለ። ሰማን። ሦስታችንም ሰማን። ይግዛው እንኳ "በሩን እኔ፣ ቤቱን እርስዎ፣ ደግ ሰጠን" ብሎ ሳቀ።

ታዲያ ሽማግሌው በዓመቱ ሞተ፣ እና ከማል መጣ። "ስጦታ የሚባል አላውቅም። ለወንድ ሁለት እጅ፣ ለሴት አንድ እጅ፣ ሸሪዓው ይኸው ነው። ሚስቴንና ልጆቼን አመጣለሁ፣ ላንቺ ማድቤቱ ይበቃሻል" አላት።

ቀበሌ ሄድን። ያን ሰሞን ሊቀመንበሩ በሴቶች ማኅበር ስብሰባ "ሴትና ወንድ እኩል ናቸው" ብሎ፣ እጃችን እስኪቀላ አጨብጭበንለታል። እና "ጓድ ሊቀመንበር፣ ያ እኩልነት ዛሬ አስፈለገን" አልሁት። እሱ ወረቀቱን እያገላበጠ "እሱማ ልክ ነው፣ ግን የእስላም ውርስ የቃዲ ነው፣ እኔ ሃይማኖት ውስጥ አልገባም" አለ። ወጣን።

ቃዲው ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ይህን ጻፍልኝ። እኔንም አማቴንም እስከ መጨረሻው ሰሙን። ከዚያ "ልጆቼ፣ የሁለት ሴት ምስክርነት እንደ አንድ ወንድ ነው፤ አንድ ወንድ ጨምሩ" አሉ።

"ይግዛው አለ፣ በሩን የገጠመው" አልሁ።

"እሱ እስላም አይደለም፣ በእስላም ላይ አይመሰክርም።"

ይግዛው ሥራውን ትቶ መጥቶ ውጭ ቆሟል፣ መጋዙን እንደያዘ። ስነግረው "በሩን ስገጥም እንኳ ሰው ነበርሁ" አለ። ሦስት ሆነን፣ ትሰማኛለህ፣ ሦስት ሆነን አንድ ሰው አልሞላንም።

ታዲያ ባሌ እንድሪስ፣ አላህ ይማረው፣ "እኔ ነበርሁ ብዬ እመሰክራለሁ" አለ።

"አንተ እኮ ያን ቀን ወረታ ገበያ ነበርህ" አልሁት።

"ምን አለበት? እውነቱን እናንተ አይታችኋል፣ እኔ ወንድነቱን አዋጣለሁ።"

ሳቅን እንኳ። ዘይነባ ግን አልሳቀችም። ጉልበቴን ይዛ "ሐሊማ፣ አንቺ ዝም በይልኝ ብቻ፣ ልጆቼን የት አስገባቸዋለሁ?" አለች። እሺ አልኋት።

በቀጠሮው እንድሪስ ቆሞ ተናገረ፣ ቃዲው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አለቀልን ስንል ከማል ወደኔ ዞረ። "ቁርአኑ ፊትሽ ነው፣ ባልሽ እዚያ ነበረ?" አለኝ። ዝም አልሁ። "ነበረ በይና ልቀመጥ" አለ። ዝም ማለት ነበረብኝ፣ እሺ ብያታለሁ፣ ዝም ማለት ነበረብኝ። እና ምን ልበልህ፣ ቃልሽ ግማሽ ነው ሲሉኝ ሰንብተው፣ ያቺን ግማሽ ደግሞ በውሸት ላበላሻት አልሆነልኝም። "ወረታ ነበረ" አልሁ።

ቃዲው ሁለተኛ ሴት አልጠየቁ፣ ወንድ ጨምሪ አላሉኝ። መዝገቡን ዘጉት።

ከማል ገባ። ዘይነባ ማድቤቱ ውስጥ ክረምቱን ከልጆቿ ጋር ከርማ፣ አልቻለችም፣ መራዊ ሄዳ የሰው ቤት ተከራየች፣ እዚያው ሞተች። በሩ ዛሬም አለ፣ ስታልፍ አይተኸዋል፣ አረንጓዴው። የሄደች ቀን ላቅፋት ወጣሁ። አላቀፈችኝም። ታናሿን አዝላ ቆማ አየችኝና "ሐሊማ፣ ለኔ ስትመሰክሪ ግማሽ ነሽ አሉሽ፤ በኔ ላይ ስትመሰክሪ ማን ሙሉ አደረገሽ?" አለችኝ።