ስምህ ማነው?

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ከመካነ ኢየሱስ ወደ ደብረ ታቦር በሚሄድ የጭነት መኪና፣ የገብስ ጆንያ ላይ ተቀምጠናል። አንዲት ሴት ዝምተኛ ወንድሟን አጠገቧ አድርጋ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ታወራለች።

«አባቴ፣ ከደብረ ታቦር አልፌ ዋናው ከተማ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ልወስደው ነው። ምን ያደርጉታል?»

«ይጠይቁታል። የወንድሜን ልጅ ወስጄ አይቻለሁ።»

«አይገርፉትም?»

«ኧረ ምን በወጣው! እንቅልፍ ይወስድሃል? እህል ትበላለህ? ድምፅ ትሰማለህ? ነው የሚሉት።»

«መጀመሪያስ?»

«መጀመሪያማ ስምህ ማነው ይሉታል።»

«ጠበል ቦታም እንዲሁ ነበር የጀመሩት።»

«ታዲያ ነገራቸው?»

«ነገራቸው እንጂ። ‹አያሌው ነኝ› አለ። አጥማቂው ‹አያሌውን አልጠየቅሁም፤ በላዩ ያለኸውን ነው፤ ተናገርና ልቀቅ› እያሉ በመቁጠሪያ መቱት። ድክም ሲለው ‹ዛር ነኝ› አለ። ለቀቀው ብለን እልል አልን። ይኸው ዓመቱ፣ አሁንም አይተኛም።»

ሽማግሌው ወደ ወንድምየው ዞሩ።

«ልጄ፣ እዚያ የሚመታህ የለም። ስምህን ብቻ ንገራቸው።»

«አባቴ፣ የትኛውን ብናገር ነው የሚያሳርፉኝ?»

ደብረ ታቦር እስክንደርስ ስሜን በልቤ እየደጋገምኩ ሄድኩ።