በሹቻ ደሴት ምሽግ ላይ ስለ ተገደለው ባሮክ ሻንቆ

የምስክር ቃል

ስም ከነአያት፦ ሶሲ ቦልቴ ብሩ
ዕድሜ፦ 25 ጾታ፦ ሴት
አድራሻ፦ ወላይታ ሶዶ ከተማ
የትምህርት ደረጃ፦ ሁለተኛ ዲግሪ (ታሪክ)
ሥራ፦ በአንድ የግል የጥናት ቡድን የቅርስ መዝጋቢ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡15
ቃሉን የተቀበለው፦ ም/ሳጅን ክብረት ዓምደሚካኤል

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር፣ በሐሰት መመስከር እንደሚያስቀጣ ተነግሮኛል። በራሴ ላይ የሚያስጠይቀኝን ነገር ያለመናገር መብት እንዳለኝም ተገልጾልኛል። ያየሁትንም ያደረግሁትንም ሳላስቀር እናገራለሁ።

ረቡዕ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 1፡00 ሰዓት ከሶዶ ተነስተን በሁምቦ በኩል ወደ አባያ ሐይቅ ወረድን። ሦስት ነበርን፤ የቡድኑ መሪ አቶ ሚልክያስ ዳና፣ ፎቶ አንሺው ሟች ባሮክ ሻንቆ እና እኔ። ባሮክ የጉኑኖ ልጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ አብረን ተምረናል። ሥራችን በሹቻ ደሴት ኮረብታ ላይ የሚገኘውን የጥንት ምሽግ ፍርስራሽ መለካትና መመዝገብ ነበር።

3፡40 ላይ በዓሣ አጥማጁ በአቶ ወልደመስቀል ጀልባ ደሴቲቱ ደረስን። ስንወርድ አቶ ወልደመስቀል ወደ ምሽጉ የሚወጣ ሁሉ ከውሃው ዳር አንድ ድንጋይ አንስቶ፣ ተሸክሞ ወጥቶ፣ በበሩ ካብ ላይ እንደሚያኖር ነገሩን። ባዶ እጁን የወጣ ሰው ምሽጉን ሊያፈርስ እንደ መጣ ይቆጠራል አሉ። ባሮክ የእንቁላል ያህል ድንጋይ አነሳ። "ይሄ ድንጋይ ነው ወይስ የወጥ ጨው?" አሉት። "ጋሼ፣ ካሜራውም ይቆጠርልኝ እንጂ" ሲል ሁላችንም ሳቅን፤ አስለወጡትም። አቶ ሚልክያስ እኔ ድንጋይ ሳቅፍ አይተው "ማስተርስ ይዛ የቀን ሠራተኛ ሆነች" አሉ። እኔም "እርስዎ መሪ ነዎት፤ ትልቁን ያንሱ" አልኳቸው። የሕፃን ራስ የሚያህል ጥቁር ድቡልቡል ድንጋይ አነሱ። ትልቁን ያስነሳሁት እኔ ነኝ፤ ይህም ይጻፍ።

ኮረብታው ትንሽ ነው፤ ሆኖም እሾህና ልቅ ድንጋይ ስለሚበዛበት ለመውጣት ግማሽ ሰዓት ወሰደብን። ምሽጉ ሦስት ዙር ካብ አለው፤ ከፍታው ከደረት አያልፍም። የካቡ ድንጋይ ጠፍጣፋና ባለ ስለት ነው። ሰው ከሐይቁ ያወጣው ግን ለስላሳ ስለሆነ በዓይን ይለያል። ባሮክና እኔ ድንጋያችንን በሩ ላይ አኖርን። አቶ ሚልክያስ "ቆይ፣ ልረፍ" ብለው የያዙትን ወደ ውስጥ አስገብተው ተቀመጡበት። አቶ የምለው እስከዚህ ድረስ ነው።

4፡50 ገደማ ሚልክያስ በሰሜን በኩል ያለውን ካብ እንድለካ አዘዘኝ። በመካከላችን አሥራ አምስት ሜትር ያህል ነበር፤ ካቡ የፈረሰ ስለሆነ ይታዩኝ ነበር። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የባሮክ ድምፅ ከፍ አለ። ሚልክያስ ከካቡ ሥር ያገኛቸውን ሁለት የነሐስ አምባሮች ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ነበር። ባሮክ "ይመልሷቸው፤ ፎቶ ላንሳና ቁጥር ይሰጣቸው" አለው። ሚልክያስ "ቁጥሩን ለእናትህ ስጣት" ብሎ መለሰ። ባሮክ አምባሮቹን ለማውጣት ወደ ቦርሳው ጎንበስ አለ። ሚልክያስ የተቀመጠበትን ድንጋይ በሁለት እጁ አንስቶ ማጅራቱን መታው። ባሮክ በጉልበቱ ወደቀ፤ "ኧረ ሚልክያስ!" ሲል ሰምቻለሁ። ሁለተኛውን ከቀኝ ጆሮው በላይ መታው። ሦስተኛውን የመታው በግንባሩ ከተደፋ በኋላ ነው።

እየጮህኩ ሮጥኩ። ሚልክያስ ዞሮ "አንቺ ምንም አላየሽም" አለኝ። "አይቻለሁ" አልኩት። በዚያው ድንጋይ ራሴን ሊመታ ሲሰነዝር በቀኝ እጄ ተከላከልኩ፤ ሦስት ጣቶቼ ተሰበሩ። በግራ እጄ ከካቡ ስለታም ድንጋይ ነቅዬ ግራ ዓይኑን መታሁት። ድንጋዩን ጥሎ በጀርባው ወደቀ። እጆቹን ዘርግቶ "ሶሲ፣ በቃ፣ በቃኝ" አለ። ባሮክን አየሁት፤ አንድ እግሩ ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ አውቄ ሚልክያስን ሁለተኛ ጊዜ አፉ ላይ መታሁት፤ መንጋጋው ተሰበረ።

አቶ ወልደመስቀል ጩኸቴን ሰምተው ወጡ። ባሮክን በጀርባቸው አዝለው አወረዱት። ጀልባው አንድ ስለነበር ገዳዩም አብሮን ተሳፈረ። ባሮክ ሐይቁ ላይ፣ ራሱ ጭኔ ላይ እንዳለ፣ 6፡20 ሲሆን ሞተ።

ቅዳሜ ጥር 17 ቀን በተኛሁበት ሆስፒታል አጎቴ አቶ ቦሼ ከበዴሳ ከተማ ሁለት ሽማግሌዎችን ይዞ መጣ። ሽማግሌዎቹን የላኳቸው የሚልክያስ ወገኖች ናቸው። አጎቴ "ልጄ፣ ፎቶ ሲያነሳ ከካቡ ተንሸራቶ ወደቀ በዪ። ሚልክያስም ስለ ዓይኑ አይከስሽም። ሁለት ቤት ከሚፈርስ ሁለቱም ይትረፉ" አለኝ። "የባሮክ ቤት ስንተኛው ነው?" ብዬ ጠየቅሁት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ "የተማረች ሴት እንዲህ ናት፤ አፏ ይቀድማል" አለ። "እጄም አልዘገየ፤ ሚልክያስን ጠይቁት" አልኩት። ተነስተው ወጡ። አጎቴ በሩ ላይ ቆሞ አለቀሰ። የባሮክ እናት ወ/ሮ አሳየሽ ልጃቸውን የቀበሩት ወድቆ ሞተ ተብለው ነው።

ከፍታው ከደረት ከማያልፍ ካብ፣ ሣር ላይ የወደቀ ሰው ማጅራቱም የጆሮው ላይም አይፈነከትም። ሦስት ሰው ወጥቶ በሩ ላይ የተጨመሩት አዲስ ድንጋዮች ሁለት ናቸው። ሦስተኛው ደምና ፀጉር እንደያዘ ምሽጉ ውስጥ ወድቋል። እዚያ ውስጥ የሐይቅ ድንጋይ የሚያስገባ የአገሩ ሰው የለም። የሚልክያስን ቦርሳ አቶ ወልደመስቀል ሳይከፍቱ ይዘውታል። ዝናብ ሳይመጣ ወደ ምሽጉ ተወጥቶ እንዲታይ እጠይቃለሁ።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። ሚልክያስን ሁለተኛ ጊዜ ስለ መምታቴ በተጻፈበት ቦታ "በድንጋጤ" የሚል ቃል ገብቶ አገኘሁ። ይህን አላልኩም። ም/ሳጅን ክብረት "እህቴ፣ ለአንቺው ብዬ ነው፤ ከተሰረዘ ተከሳሽ ትሆኛለሽ" አለኝ። ደንግጬ አልነበረም፤ በቃኝ ሲለኝም ሰምቼዋለሁ። አንዱን ቃል ለራሴ ካጣመምኩ የባሮክን ማን ያምነኛል? ቃሉን በግራ እጄ ሰርዤ "አውቄ" ብዬ ጽፌ፣ ስርዙ አጠገብም ፈርሜያለሁ። የቀረው ሁሉ እንደተናገርኩት ነው፤ ፍርድ ቤት ስጠራ ይህንኑ እደግመዋለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ሶሲ ቦልቴ ብሩ (በግራ እጅ የተፈረመ)
ቃሉን የተቀበለው፦ ም/ሳጅን ክብረት ዓምደሚካኤል (ፊርማ)