ለልጄ ሞተር ምን ልግዛ?

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ከንፋስ መውጫ ወደ ደብረ ታቦር በምትሄድ የጭነት መኪና ላይ፣ እህል በተሞላ ጆንያ ላይ ተቀምጠናል። አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ ገበሬ ዘይት የነካው ቱታ የለበሰውን ሰው በወሬ ያዙት።

«ልጄ፣ መካኒክ ነህ መሰል?»

«አዎ አባቴ።»

«የኔ ልጅ ድሬሰር ነው፤ በሽተኛ ለማከም የሚዞርበት ሞተር ብስክሌት አለው። ቤቱ ሆኖ የሚጠግንበት ዕቃ ልገዛለት ነው። ምን ምን ይሻላል?»

«አሁን ብሎኑን በምን ይፈታል?»

«በፒንሳ።»

«ፒንሳ ብሎን ይበላል። በብሎኑ ልክ መፍቻ ይግዙለት። የካንዴላ መፍቻና የጎማ መንፊያም አይቅር።»

«ቅባቱስ?»

«ለሰንሰለቱ ዘይት።»

«እኛ የቀንበር ጠፍር ሲደርቅ በቅቤ ነው የምናሸው። ቅቤ አይሆንም?»

«አቧራ ይሰበስባል እንጂ ሰንሰለቱን አይጎዳውም።»

«ሰንሰለቱንስ አልነካሁትም። ትናንት ጎማውን ፈቶ ሊለጥፍ ይዞት ሲገባ፣ ከጎማው ቦታ እንደ ጨረቃ የጎበጡ ሁለት ነገሮች አየሁ። ደርቀው ሲያሳዝኑ! በቅቤ አሸሁለት።»

«አባቴ፣ እሱ እኮ ፍሬኑ ነው!»

«እንዴታ! ሲይዘው ይጮህ የለም?»

«ነገሩት?»

«ለቅቤ ደግሞ ምን ይነገራል?»

«አሁን የት ነው ልጅዎ?»

«በሞተሩ ከኋላችን ይመጣል፤ መፍቻውን አብረን ልንመርጥ።»

መኪናዋ ቁልቁለቱን ተያይዛው፣ መካኒኩ የጋቢናውን ጣራ እየደበደበ ሾፌሩን ሲጠራ፣ ከበላያችን የሞተር ድምፅ ሰማሁና አንገቴን ማዞር አቃተኝ።