በትራስ የተሰፋ ገመና

የአዳሪ ትምህርት ቤቱ በር ላይ የተሰቀለው ሰዓት ሦስት ከአምስት ሲል፣ አንዲት ልብስ ሰፊ አዲስ ትራስ ታቅፋ ከዘበኛው ጋር ትነታረክ ነበር።

«ወንድሜ፣ ላንድ አፍታ ነው። ሰጥቻት ውልቅ እላለሁ።»

«እናት፣ የጠያቂ ሰዓት አራት ነው። ደንቡን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም። ከፈለጉ እኔ ላድርስልዎት።»

ሴትዮዋ ትራሱን ይበልጥ ወደ ደረቷ አስጠጋችና አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ወዲያው ተነሣች፣ ሰዓቱን አየች፣ ደግሞ ተቀመጠች። ይህን ትራስ ለሰው እጅ የምትሰጥበት ምክንያት አልነበራትም፤ የማትሰጥበት ግን ነበራት።

ትምህርት ቤቱ ከየአገሩ የመጡ ልጆች አብረው የሚማሩበት፣ አብረው የሚበሉበትና የሚያድሩበት ነው። አንድ ክፍል ውስጥ አራት አልጋ ቢኖር አራት አገር ይተኛበታል። የልብስ ሰፊዋ ልጅ በነጻ የትምህርት ዕድል ከገባች ሦስተኛ ወሯን ይዛለች። ሐሙስ ዕለት ከመኝታ ቤቱ ኮሪደር ስልክ ደውላ፣ «እማ፣ ሌላ ትራስ ቶሎ አምጪልኝ» አለችና ዘጋች። ከኋላዋ ተራ የሚጠብቁ ልጆች ሲንጫጩ ይሰማ ነበር። ለምን እንደሆነ አልተናገረችም፤ እናትም አልጠየቀችም። እነሱ ቤት ስለዚያ ነገር በስልክ አይወራም።

በዚህ መካከል አንዲት ረጅም ልጅ የቆሸሸ አንሶላ የሞላው ጋሪ እየገፋች መጣች። የመኝታ ቤቱ አለቃ ናት። ጠዋት ጠዋት እየዞረች የምትቀሰቅሳቸው እሷ ስለሆነች ልጆቹ «ደወል» ይሏታል፤ የሚሏት በፍቅር ነው ማለት ግን አይቻልም።

«ጤና ይስጥልኝ፣ እናቴ። ትራስ ይዘው መጡ? የኛ ትራስ ድንጋይ ነው ብላ ያማችን ማናት?»

«ኧረ ማንም አላማ። የኔዋ የለመደችው ካልሆነ እንቅልፍ አይወስዳትም ብዬ ነው። ሰማያዊ አበባ ያለበት ትራስ ነበራት፣ አይተሽው እንደሆነ።»

«እንዴ! የባለ አበባዋ እናት ነዎት? እሱንማ ሮብ ለታ ያጠብኩት እኔ ነኝ!»

«ትራስ ይታጠባል እንዴ?»

«ሌላ ጊዜ አይታጠብም። ማክሰኞ አንድ አልጋ ላይ ትኋን ተገኘና በማግሥቱ የመኝታ ቤቱ ጨርቅ በሙሉ የፈላ ውሃ ገባ። የሷ ትራስ አስቸገረን እንጂ! ነጭ ነጭ ነገር እየተፋ። ሳሙና መስሎን ሁለቴ አለቀለቅነው።»

ሳሙና አልነበረም።

የልብስ ሰፊዋ ልጅ ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። ሐኪም ያዘዘላትን ኪኒን ጠዋትና ማታ ከዋጠች ከማንም እኩያዋ አታንስም። ካቋረጠች ግን ትወድቃለች። በፊተኛው ትምህርት ቤቷ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ወደቀች፤ ከማግሥቱ ጀምሮ አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ። ዓመቱን ሙሉ ለሁለት ልጅ በተሠራ ዴስክ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ተማረች። እናት ያንን ባዶ ቦታ በዓይኗ አይታዋለች፤ አትረሳውም። ስለዚህ እዚህ ስታስገባት የመግቢያ ቅጹ «የጤና ችግር» በሚልበት ላይ «የለባትም» ብላ ጻፈች። የሦስት ወር ኪኒን በላስቲክ በላስቲክ ቋጥራ፣ በትራሱ ጠርዝ ትንንሽ ኪስ እየሠራች፣ ከውጭ በማይታይ ስፌት ሰፋችው። ሁሉም በሙያው ይደብቃል። የፈላ ውሃ የሚያስገባ ትኋን ይመጣል ብሎ ግን ማን ያስባል?

ሮብ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፤ ዛሬ ቅዳሜ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ።

«ልጄ አሁን የት ናት?»

«የዋና ፈተና አላቸው። ሦስት ተኩል ላይ ጥልቁ ውሃ ይገባሉ። አራት ሰዓት ላይ ጸጉሯ እንደረጠበ ያገኟታል።»

ሰዓቱ ሦስት ከአሥራ ሁለት ይላል። አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ «ምን ትጠብቃለች? አትጮኽም?» ትል ይሆናል። ስድስት ዓመት የታፈነ ነገር ግን በጩኸት አይወጣም፤ በር በር እያየ ይመላለሳል እንጂ።

ዘበኛው ለደወል ከወጥ ቤት የተላከላትን ቁርስ አቀበላት። እሷም አግዳሚው ላይ ቁጭ አለችና ከኪሷ መርፌ አውጥታ፣ ሸሚዟን ገለጥ አድርጋ ሆዷን ወጋች። ዘበኛው ዞር ብሎም አላያት።

«በስመ አብ! ሰው ፊት?»

«የስኳር በሽታ መርፌዬ ነው፣ እናቴ። ሳልወጋ አልበላም።»

«ተደብቀሽ አትወጊም ታዲያ?»

«ከማን ልደበቅ?»

«ከሰው ነዋ! ነገ ትዳር አለ፣ ሥራ አለ። ገመና ለባዳ አይሰጥም፣ ልጄ። ሰው ፊትሽ ያዝንልሻል፣ ዞር ስትይ ይጠቋቆምብሻል። ይኼን ከኔ ስሚ፤ በመጽሐፍ አይደለም ያወቅኩት።»

«የሰው አፍ ክፉ ነው፣ አልካድኩም። አባቴም ልክ እንደ እርስዎ ነበር የሚለው። ለማንም እንዳትተነፍሺ ብሎ ላከኝ። አልተነፈስኩም። አንድ ቀን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስኳሬ ወርዶ መጽሐፌ ላይ ተደፋሁ። ጓደኞቼ አዩኝ። ደክሟት ተኛች ብለው አዘኑልኝ። አንዷ ሹራቧን ደረበችልኝ። ሌላዋ እንዳልነቃ ብላ ጫማዋን አውልቃ በእግር ጣቷ አለፈች። አንድ ሰዓት ሙሉ! ሊዘጉ ሲሉ ቢቀሰቅሱኝ አልነሣ አልኩ። እዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ክፉ ሰው አልነበረም። ስላላወቁ ብቻ፣ በፍቅር ሊገድሉኝ ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ ትራሱን በጣቶቿ መዳበስ ጀመረች። ሰዓቱ ሦስት ከሃያ ይላል።

«ሲያውቁስ? አልሸሹሽም?»

«አንዷ ሸሸች፤ አልዋሽዎትም። አልጋዋን አስቀየረች። የመኝታ ቤቱ ሌሎች ሠላሳ ሰባት ልጆች ግን ኪሳቸው ከረሜላ አያጣም። ስኳርሽ ሲወርድ ላንቺ ነው ይሉኛል፤ ግማሹን ራሳቸው ናቸው የሚበሉት።»

«አየሽ! አንዷ ሸሸች።»

«ሠላሳ ሰባቱስ? ለአንዷ ብዬ በሠላሳ ሰባቱ ላይ በር ልዝጋ?»

«ላንቺ ቀላል ነው። ያንቺ ስኳር ነው፤ ሰው አያስደነግጥም። አረፋ የሚያስደፍቅ ቢሆንስ? ደግሞስ ቅጹ ላይ ዋሽታችኋል ብለው ዕድሏን ቢነጥቋትስ?»

ደወል ማኘኳን አቆመች።

«የማንን ዕድል?»

ሴትዮዋ ሰዓቱን አየች። ሦስት ከሃያ አምስት። ከግቢው ውስጥ የፉጨትና የልጆች ጫጫታ መጣ። ያን ጊዜ የስድስት ዓመቱ ነገር በአንድ ትንፋሽ ወጣ።

«የኔዋ ናት። የሚጥል በሽታ ነው። ያጠባችሁት ሳሙና አይደለም፣ ኪኒኗ ነው። ሦስት ቀን አልዋጠችም። ድረሽልኝ፣ የኔ እናት!»

ቁርሱ መሬት ላይ ቀረ። ደወል ጉርድ ቀሚሷን ሰብስባ በረረች። ዘበኛው ታላቁን በር ወለል አደረገው።

«ይግቡ፣ ይግቡ! ደንቡን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም ብዬዎታለሁ!»

የሴትዮዋ ልጅ ከውሃው ዳር ሦስተኛ ተራ ላይ ቆማ ነበር። ደወል ክንዷን አፈፍ አድርጋ ከሰልፉ አወጣቻት። እናቷን ትራስ ታቅፋ ስትሮጥ ባየች ጊዜ ፊቷ ተለዋወጠ።

«እማ፣ ነገርሻቸው? ያንን ሁሉ ጊዜ ዝም በዪ ብለሽኝ፣ አንቺው ነገርሻቸው?»

እናት ትራሱን በብብቷ ይዛ የልጇን ሌላ ክንድ ያዘች።

ክሊኒክ ወስደው አልጋ ላይ አስቀመጧት። ነርሷ የመጀመሪያ ጥያቄዋን ሳትጨርስ የልጅቷ ዓይን ፈዘዘ፣ ሰውነቷ ገተር አለ፣ ከዚያ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እናት ከቦርሳዋ ማንኪያ መዘዘች፤ ስድስት ዓመት ያልተለየቻት ማንኪያ ናት።

«ማንኪያውን ያስቀምጡ» አለች ነርሷ። «ጥርስ ይሰብራል እንጂ ምላስ አያድንም።»

ልጅቷን በጎኗ አስተኛቻት፣ ከራሷ ስር አዲሱን ትራስ አኖረች፣ የግድግዳውን ሰዓት እያየች ቆመች። አፏ ውስጥ ምንም አላስገባችም፤ አልያዘቻትም፤ አልጮኸችም። እናት ያ ነገር ሁልጊዜ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ይመስላት ነበር። በሰዓት ሲለካ ሁለት ደቂቃ ሆነ። ልጅቷ በረጅሙ ተነፈሰችና እንቅልፍ ወሰዳት።

በመስኮቱ የዋና አስተማሪው ድምፅ ይሰማል፤ «ሦስተኛ! ጥልቁን አቋርጪ!» ይላል። ሌላ ልጅ በተራዋ ገባች። ልብስ ሰፊዋ ያንን ስትሰማ ወንበሩ ላይ ዘጭ ብላ አለቀሰች፤ ማንም ዝም በዪ አላላትም።

ዕንባዋን እየጠረገች፣ «ወደ ቤት አትመልሷትም?» አለች።

«ርዕሰ መምህሩ ስለ ቅጹ ይቆጣሉ» አለች ነርሷ። «ይቆጡ፤ እውነት አላቸው። ልጅን ስለታመመች አንመልስም። ዛሬውኑ ሐኪም ያያታል፤ ኪኒኗ እኔ ዘንድ ይቀመጣል፤ ጓደኞቿ ስትወድቅ ምን እንደሚያደርጉ እኔ አስተምራቸዋለሁ። ለማስተማር አሥር ደቂቃ አይፈጅም።»

«ዋናውስ?»

«ሐኪሙ ሲፈቅድ፣ ኪኒኗን ሳታቋርጥ፣ አስተማሪ ከጎኗ ሆኖ ትዋኛለች። ለምን አትዋኝ?»

እናት መቀስ ለመነች። ልጇን ቀና አድርጋ ትራሱን ሳበችና ያን የማይታይ ስፌት አንድ በአንድ ተረተረችው። እንደዚያ የተዋጣለት ስፌት በዕድሜዋ ሰፍታ አታውቅም፤ እንደዚያ ደስ ብሏት የተረተረችውም የለም። ኪኒኖቹ በነርሷ ጠረጴዛ ላይ ተቆለሉ፤ እናት ባለ ኪሱን የትራስ ልብስ ገፍፋ ትራሱን ለልጇ መለሰችላት።

የክፍሏ ልጆች፣ ሦስቱም፣ ጸጉራቸው ውሃ እያንጠባጠበ በሩ ላይ መጥተው ቆሙ። ልጅቷ ነቅታለች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ይጋባል?» አለች አንዷ፣ ሳትፈራ፣ ልክ የትምህርት ጥያቄ እንደምትጠይቅ።

ደወል ልትመልስ ስትል እናት ቀደመቻት። «አይጋባም። ስትወድቅ በጎኗ አስተኟት፣ አፏ ምንም አታስገቡ፣ ሰዓት እዩ። ሁለት ደቂቃ ነው።»

ጠያቂዋ ገባችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሁለተኛዋ «ጠጋ በይ እንጂ፣ አልጋው ያንቺ ብቻ ነው?» ብላ በወገቧ ገፋቻት። ሦስተኛዋ ቦታ አጥታ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ልጅቷ ከግድግዳው ዞረችና በደከመ ድምፅ፣ «አረጠባችሁኝ» አለቻቸው። እናት ያንን የድሮውን ዴስክ አስታወሰችና ፊቷን በባዶው ትራስ ልብስ ሸፈነች።

የተሰወረ በሽታ ሁለት ጊዜ ያማል፤ አንዴ በራሱ፣ አንዴ በዝምታው። ልብስ ሰፊዋ ለልጇ ያተረፈችላት ክብር መስሏት ሦስት ወር ሙሉ የሚረዷትን ሰዎች ነበር የቀነሰችባት። በአንድ ትንፋሽ ንግግር ግን ልጇ ነርስ አገኘች፣ ሐኪም አገኘች፣ በአንድ አልጋ የሚጋፉ ሦስት ጓደኞች አገኘች። ሹክሹክታውም መምጣቱ አይቀርም። ቢመጣ ልጅቷን ብቻዋን አያገኛትም።

ከሰዓት በኋላ እናት አውቶቡስ ተሳፈረች። አጠገቧ የተቀመጠች አንዲት ሴት ጭኗ ላይ የተጣጠፈውን ጨርቅ አየችና፣ «ትራስ ልብስ ነው? ትራሱስ?» አለቻት ለጨዋታ ያህል።

ልብስ ሰፊዋ ጨርቁን ጭኗ ላይ ዘረጋች። ከዚያ ሳትታዘዝ፣ ማንም ሳያስገድዳት፣ «ልጄ ጋ ቀረ» አለች። «የሚጥል በሽታ አለባት። አዳሪ ትምህርት ቤት ናት። ሐኪሙ ሲፈቅድላት ዋና ትማራለች።»

ብላ ጠበቀች። ሴትዮዋ ትነሣለች፣ ሌላ ወንበር ትፈልጋለች ብላ እግሯን ሰበሰበች።

ሴትዮዋ ስለ በሽታው አንድም ነገር አልጠየቀቻትም።

«ዋና?» አለቻት፣ ወደሷ ጠጋ ብላ። «እንዴት የታደለች ልጅ ናት! የኔዎቹም ሁልጊዜ እንደለመኑኝ ነው። የት ነው የሚያስተምሩት?»